ቅጠል በኩንታል፣ መድኃኒት በኪሎ
የመድኃኒት ቅጠል ፋብሪካ ለመትከል የምትሮጡ፣ ከማሳው በፊት ጋኑን፣ ከጋኑም በፊት ገዢውን እዩ

በ2005 ኪሎው 1,100 ዶላር ገደማ ይጠራ የነበረ ዕቃ በ2007 ከ200 ዶላር በታች ተሸጠ። ዕቃው ቡና አይደለም፤ ወርቅም አይደለም። ከቅጠል ተነጥሮ የሚወጣ፣ የወባ መድኃኒት የሚሠራበት ነጭ ዱቄት ነው። ስሙ አርቴሚሲኒን ይባላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአምስት እጅ አራት እጁን ዋጋ ያጣ ዕቃ በጤና ገጽ ብቻ ተወስቶ የሚታለፍ አይደለም፤ ቦታው የገበያ ገጽ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ዛሬ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታ ክፍያውን ሲያግድ፣ በሰው ገንዘብ የሚገዛ መድኃኒት ምን ያህል አስተማማኝ እንዳልሆነ ሁሉም አየው። ታዲያ «ቅጠሉን እዚሁ እንዝራ፣ መድኃኒቱን እዚሁ እናውጣ» የሚለው ሐሳብ ለአገር ወዳዱም ለነጋዴውም ጆሮ ይጥማል።

ሐሳቡን አልቃወምም። የምቃወመው የሚጀመርበትን ጫፍ ነው። በዚህ ሥራ ገንዘቡ የሚገኘውም የሚጠፋውም ማሳው ላይ አይደለም። ቅጠሉ በአሟሚ ፈሳሽ ታጥቦ፣ ፈሳሹ ተመልሶ ተይዞ፣ ንጥሩ ተጣርቶ፣ በላቦራቶሪ ተመስክሮለት እስኪወጣ ባለው መንገድ ላይ ነው። ይህን መንገድ ሳያዩ መሬት የሚመሩና ዘር የሚያስመጡ ሁሉ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ናቸው።

ቅጠሉና ታሪኩ

ተክሉ አርቴሚሲያ አኑዋ ይባላል። አገሩ እስያ ነው። እኛ አሪቲና ጭቁኝ የምንላቸው ዕፅዋት የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው፤ ሽታውም ያስታውሳቸዋል። ነገር ግን ዝምድና ሌላ፣ ሀብት ሌላ ነው። ለመድኃኒት ፋብሪካ የሚበቃ አርቴሚሲኒን የሚገኘው ከአርቴሚሲያ አኑዋ ነው። ስለዚህ «በጓሯችን ሞልቶ የለም ወይ» የሚል ሰው ቢገጥምዎ፣ የሚያወራው ስለ ዘመዱ መሆኑን ይወቁት።

ቻይናውያን ይህን ፍለጋ የጀመሩት በጦርነት ምክንያት ነው። ግንቦት 23 ቀን 1967 የተቋቋመውና በቀኑ ቁጥር «523» የተባለው ምስጢራዊ ፕሮጀክት፣ በቬትናም ጫካ ወባ የሚጥላቸውን ወታደሮች የሚያድን መድኃኒት እንዲያገኝ ነበር የታዘዘው። ፕሮፌሰር ቱ ዩዩ የሚመሩት ቡድን በርካታ ባህላዊ መድኃኒቶችን ሲፈትሽ ይህ ቅጠል አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ሌላ ጊዜ ይከሽፋል። ምክንያቱ የተገኘው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፈ የጌ ሆንግ የመድኃኒት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ አላዘዘም። ፕሮፌሰሯ እሳቱ መድኃኒቱን ሳያጠፋው አይቀርም ብለው ጠረጠሩ። በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላው ኢተር በተባለ ፈሳሽ፣ በዝቅተኛ ሙቀት አወጡት። በጥቅምት 1971 ቁጥሩ 191 የሆነው ናሙና አይጦችን ከወባ ሙሉ በሙሉ አዳነ። በ1972 ንጹሑ ውህድ ተለይቶ ወጣ፤ በ2015 ደግሞ ፕሮፌሰሯ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ለነጋዴው የዚህ ታሪክ ቁም ነገር አንድ ነው። ቅጠሉ ከ1,600 ዓመት በላይ የታወቀ ነበር። ዋጋ ያገኘው አወጣጡ ሲታወቅ ነው። ተክሉ የማንም ነው፤ ዘዴው ግን የያዘው ሰው ነው።

ቅቤ እንደማንጠር

አወጣጡን በቤታችን ቋንቋ እንግለጸው። የደረቀ የአርቴሚሲያ ቅጠል ውስጥ ያለው አርቴሚሲኒን በጥሩ ዘር ከ100 እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። መናኛው ዘር ግማሽም አይሞላ። የቀረው 99 እጅ ጭረት፣ ሰም፣ አረንጓዴ ቀለም፣ ሽታና ስኳር ነው። ሥራው ያቺን አንድ እጅ ከ99ኙ መለየት ነው። ቅቤ የሚያነጥር ሰው አረፋውንና አተላውን ለይቶ ንጹሑን እንደሚያስቀር ሁሉ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ አተላው ከቅቤው መቶ እጥፍ መሆኑ ነው።

አርቴሚሲኒን በውኃ እምብዛም አይሟሟም። ስለዚህ የደረቀውና ከግንዱ የተራገፈው ቅጠል በትልቅ ጋን ገብቶ በሌላ ፈሳሽ ይታጠባል። ፋብሪካዎች አብዝተው የሚጠቀሙት ሄክሴን የተባለውን የነዳጅ ተዋጽኦ ነው። ሄክሴን ስኳሩንና ሌላውን ብዙ ነገር ቅጠሉ ላይ ትቶ አርቴሚሲኒኑን ይዞ ይወጣል። ሰምና ቀለም ግን አብረው ይከተሉታል። ለብ ባለ ሙቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ፈሳሹ አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ፣ ሙቀቱ ሳይበዛ እንዲተን ይደረጋል። እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ቧንቧ አልፎ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። አረቄ አውጪዋ ከማሰሮው የወጣውን እንፋሎት በውኃ አቀዝቅዛ እንደምትይዘው ነው። እሷ ግን የምትፈልገው የተነነውን ሲሆን፣ ፋብሪካው የሚፈልገው ሁለቱንም ነው፤ የቀረውን ለሽያጭ፣ የተነነውን ለሚቀጥለው ጋን።

ከታች የሚቀረው ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰማም ዝፍት መሰል ነገር ነው። ብዙ ጀማሪ «ምርት» ብሎ የሚደሰተው እዚህ ላይ ነው። ገና ነው። ሰሙ በብርድ ረግቶ ይጣራል፤ ቀለሙ በተዘጋጀ ከሰል ወይም በሲሊካ ዱቄት ይመጠጣል፤ አርቴሚሲኒኑ በዝግታ ክሪስታል ሠርቶ ይወርዳል። ከዚያም በአልኮል ተሟሙቶ እንደገና ክሪስታል ይሆናል። የሚወጣው ነጭ መርፌ መሰል ነገር ንጽሕናው 99 ከመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው መድኃኒት ሠሪው ዞር ብሎ የሚያየው።

ይህም ቢሆን ክኒን አይደለም። አርቴሚሲኒኑ በኬሚካል ተለውጦ አርቴሜተር ወይም አርቴሱኔት ይሆናል፤ ከሌላ መድኃኒት ጋርም ይጣመራል። ኮአርተም በሚለው የንግድ ስም የምናውቀው ክኒን በአንዱ 20 ሚሊግራም አርቴሜተር አለው፤ አዋቂ ሰው በሦስት ቀን 24 ፍሬ ይወስዳል። አስሉት፤ አንድ ኪሎ አርቴሜተር ከ2,000 በላይ አዋቂ ሕሙማንን ያክማል። የአንድ ኪሎ ዱቄት ክብሩ ይህ ነው። ጥፋቱም የዚያኑ ያህል ነው፤ ያልጠራ አንድ ኪሎ 2,000 ሰው ይጎዳል።

ሂሳቡን በጣት እንቁጠር

አሁን ወደ ብሩ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን እያስገባ ሊሠራበት ይችላል።

አንድ ሔክታር 20 ኩንታል ደረቅ ቅጠል ሰጠ እንበል። በውስጡ 0.8 ከመቶ አርቴሚሲኒን ካለ፣ ማሳው ላይ ያለው ሀብት 16 ኪሎ ነው። ፋብሪካው ከዚያ ውስጥ ከአራት ሦስት እጁን ቢያወጣ 12 ኪሎ ይገኛል። በ2005 ዋጋ ይህ 13,200 ዶላር ነበር። ኪሎው 200 ዶላር ሲሆን ግን 2,400 ዶላር ብቻ ይሆናል። ከዚህ ላይ ገበሬው፣ ማድረቂያው፣ ማጓጓዣው፣ ፈሳሹ፣ ነዳጁ፣ ሠራተኛውና የባንኩ ወለድ ይከፈላሉ። የተረፈውን ማየት ነው።

አሁን ደግሞ ቅጠሉ 0.4 ከመቶ ብቻ የያዘ ነው እንበል። ኩንታሉ ያው 20 ነው። ገበሬው የሚጠይቀው ዋጋ ያው ነው። ጋኑ፣ ሄክሴኑ፣ እሳቱ፣ ሠራተኛው ሁሉ ያው ነው። የሚወጣው ግን 6 ኪሎ ነው። ቅጠል በኩንታል እየመዘነ የሚገዛ ፋብሪካ በጨለማ የሚገዛ ፋብሪካ ነው የምለው ለዚህ ነው። ማር ሻጭ ከነሰፈፉ ሲመዝን የሚከራከረው የአገሬ ነጋዴ፣ ቅጠል ላይ ሲደርስ ምርመራውን እንደ ትርፍ ወጪ ይቆጥረዋል።

ሌላው ቀዳዳ ፈሳሹ ራሱ ነው። ለአንድ ቶን ቅጠል 8,000 ሊትር ሄክሴን ገባ እንበል። ከቶኑ የሚወጣው 6 ኪሎ ነው። ፋብሪካው ከመቶ 98 እጁን ፈሳሽ መልሶ ከያዘ የጠፋበት 160 ሊትር ነው፤ ለአንድ ኪሎ ምርት 27 ሊትር ገደማ። ከመቶ 90 ብቻ ከያዘ ግን የጠፋው 800 ሊትር ነው፤ ለአንድ ኪሎ 133 ሊትር። ሊትሩ አንድ ዶላር ቢሆን በመጀመሪያው 27 ዶላር፣ በሁለተኛው 133 ዶላር ተነነ ማለት ነው። ኪሎው 250 ዶላር በሚሸጥበት ገበያ የሁለቱ ፋብሪካዎች ዕጣ እዚሁ ላይ ተለየ። አንዱ ይኖራል፤ ሌላው ይዘጋል። ያውም ፈሳሹ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። መላው የኤል ሲ ወረፋ ጠብቀው ያስገቡትን ሄክሴን በላላ ማጠፊያ ወደ ሰማይ መልቀቅ፣ ዶላር ማቃጠል እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የሄክሴን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ሄዶ ጉድጓድና ምድር ቤት ውስጥ ይተኛል፤ ከዜሮ በታች በሆነ ሙቀት እንኳ ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል። አንድ ተራ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃዋል። ለረዥም ጊዜ የሚተነፍሰው ሠራተኛ የእጅና የእግሩ ነርቭ ይጎዳል። በዓለም አቀፍ የመድኃኒት መመዘኛ ውስጥ ቀሪ ሄክሴን በሚሊዮን ከ290 እጅ እንዳይበልጥ የተወሰነውም ለዚሁ ነው። ይህን ሥራ በተከራየ መጋዘን፣ በብረት በርሜልና በልማድ ዕውቀት እሠራለሁ የሚል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ከኢንሹራንሱ ጋር ይነጋገር።

ዋጋው ለምን ይዋዥቃል?

የዋጋውን ግልቢያ ያልተረዳ ሰው የተሻለ ጋን ቢኖረውም አይድንም። በ2001 የዓለም ጤና ድርጅትና ኖቫርቲስ ኮአርተምን ያለ ትርፍ ለማቅረብ ተስማሙ። አሮጌዎቹን መድኃኒቶች ወባው ስለለመዳቸው አገሮች ተራ በተራ ወደ አዲሱ ዞሩ። የእኛም አገር ከ2003ቱ ከባድ ወረርሽኝ በኋላ በ2004 ዞረች። ርዳታ ሰጪዎች ገንዘብ አፈሰሱ። ቅጠሉ ግን አልነበረም፤ ዋጋው ተተኮሰ።

ተክሉ ከዘር እስከ ክኒን ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ዋጋውን አይቶ የዘራ ሰው ምርቱን የሚያወጣው ሌላው ሁሉ አይቶ ከዘራ በኋላ ነው። በቻይናና በቬትናም ገበሬው ተረባረበ፤ አዳዲስ ማጣሪያዎች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ምርቱ በአንድነት ሲመጣ ዋጋው ወደቀ። ገበሬው ተናዶ ወደ እህሉ ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ እጥረት መጣ፤ በ2011 ዋጋው ተመልሶ ወደ 1,000 ዶላር ቀረበ። እንደገና ተዘራ፤ እንደገና ወደቀ። የአገራችን የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴ ይህን ጨዋታ ሲወለድ ጀምሮ ያውቀዋል። አንድ ዓመት ቲማቲም ወርቅ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ላይ ይበሰብሳል። ልዩነቱ የቲማቲም ኪሳራ የአንድ ወቅት መሆኑ ነው። የማጣሪያ ፋብሪካ ኪሳራ ግን ከባንክ ብድር ጋር ለዓመታት ይከተላል።

ሌላ ተፎካካሪም አለ። ካሊፎርኒያ በርክሌይ የሚገኙ ተመራማሪዎች እርሾን ለውጠው የአርቴሚሲኒንን መነሻ እንዲያመርት አደረጉ። ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ መድኃኒት ፋብሪካ በ2013 ጣሊያን ጋሬሲዮ ላይ ሥራውን ጀመረ፤ በዓመት እስከ 60 ቶን ማምረት ይችል ነበር። ቅጠል አብቅቶለታል ተባለ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የእርሾው ኪሎ ያለ ትርፍ ከ350 እስከ 400 ዶላር ሲያወጣ፣ የቅጠሉ ከ250 በታች ወርዶ ነበር። በ2015 ፋብሪካው አንድም ኪሎ አላመረተም፤ ከዚያም ለቡልጋሪያው ሁቬፋርማ ለመሸጥ በቃ። ቅጠል እርሾን አሸነፈ ማለት ነው። ያሸነፈው ግን ገበሬው በርካሽ ስለሸጠ ነው። እርሾው ሞቷል ማለትም አይደለም። ዋጋው 400 ዶላርን አልፎ ከቆየ ተመልሶ የሚገባበት በር ክፍት ነው። ስለዚህ «ዋጋው 1,000 ዶላር ይደርሳል» ብሎ የሚያቅድ ሰው ጣሪያው ላይ ጣሪያ እንዳለ አያውቅም።

የጎረቤት ትምህርት

ምሥራቅ አፍሪካ ይህን ሞክሮታል። በ2000ዎቹ አጋማሽ ኬንያ አቲ ሪቨር ላይ ማጣሪያ ተተክሎ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከኡጋንዳ ገበሬዎች ቅጠል ሰበሰበ። ገዢው ኖቫርቲስ ነበር። የተሻለ ጅምር አይገኝም፤ ገዢው አስቀድሞ የታወቀ ነው። እንዲህም ሆኖ የዓለም ዋጋ ሲወርድ ሥራው ተንገዳገደ። ማዳጋስካር ውስጥ ባዮኔክስ የተባለው ኩባንያ በሺዎች ከሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች ጋር በውል በመሥራት ዘልቋል። ከሁለቱ የምንወስደው፣ ገዢ ማግኘት ግማሹ መሆኑንና ሌላው ግማሽ ገበሬው ዋጋ ሲወርድም እንዳይሸሽ የሚያደርግ ውል መሆኑን ነው።

«ታዲያ ቅጠሉን ሻይ አድርጎ መጠጣት አይቀልም ወይ? ፋብሪካውስ ለምን አስፈለገ?» የሚሉ አሉ። ማዳጋስካር በሚያዝያ 2020 ለኮሮና ብላ ከዚሁ ተክል የተሠራ መጠጥ ስታሠራጭ ይህ ሐሳብ በመላው አፍሪካ ተናፍሷል። መልሱ መጠን ነው። አንዱ ብርጭቆ ከሌላው ጋር አይተካከልም፤ ሙሉ መጠን ያላገኘ ወባ ደግሞ አይሞትም፤ ይለማመዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ቅጠሉንና ሻዩን ለወባ እንደማይደግፍ ያስታወቀው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱን በከፊል የመቋቋም ምልክት የያዘ ተውሳክ በሰሜን ኢትዮጵያም መገኘቱን አንርሳ። ቅጠሉን በየፌስታሉ «የወባ ሻይ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሸጠው የነገውን መድኃኒት ጭምር ነው።

ከየት እንጀምር?

እስካሁን ገደሉን አሳየሁ፤ አሁን መንገዱን ላሳይ። እኔ እንደሚመስለኝ የአገራችን ካፒታል ወደዚህ ሥራ መግባት አለበት። መግባት ያለበት ግን በአርቴሚሲኒን አይደለም፤ በጥብስ ቅጠል ነው።

አንባቢ አይሳቅ። የጥብስ ቅጠል ዛሬ የሥጋ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። ንጥሩ ዘይትና ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ኢ 392 በሚል ቁጥር ለምግብ ማቆያነት ፈቅዶታል። ተክሉ በአገራችን ደጋ ያለ ብዙ ልፋት ይበቅላል። የመድኃኒትና የሽቶ ተክሎችን የሚያጠናው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከልም አለን። ከሁሉም በላይ ንጥሩ በኢታኖል ይወጣል። ኢታኖል ደግሞ ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ የሚያወጡት የራሳችን ዕቃ ነው። እሳት አይፈራም ማለቴ አይደለም፤ እሱም ይነዳል። ነገር ግን እንደ ሄክሴን ነርቭ አይጎዳም፤ በምርቱ ውስጥ የሚፈቀደው ቅሪትም ከሄክሴን ብዙ እጥፍ ነው፤ በሚሊዮን 5,000 እጅ። ኤል ሲም አይጠይቅም።

ኢታኖል የራሱ ዕዳ እንዳለበት አልደብቅም። አረንጓዴውንም ስኳሩንም አብሮ ያወጣል፤ ማጣራቱ ይበዛል። ግን ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ጋን ማጠብ፣ ፈሳሽ መልሶ መያዝ፣ ቀለም ማስለቀቅ፣ እያንዳንዱን ጋን መመዝገብ፣ ናሙና መላክ፣ የገዢን ቅሬታ መመለስ፤ ይህን ሁሉ በጥብስ ቅጠል የተማረ ፋብሪካ ወደ አርቴሚሲኒን ሲያልፍ አይደናገርም። ደግሞም አርቴሚሲያ በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል። በእሱ ብቻ የሚኖር ፋብሪካ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ዝጎ ይተኛል፤ ወለዱ ግን አይተኛም። የጥብስ ቅጠል ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል። ሁለት ሦስት ዓይነት ቅጠል የሚያስተናግድ ጋን ነው እንጀራ የሚያበላው።

ከዚህ ጋር አራት ነገር እጨምራለሁ።

አንደኛ፣ ከጋኑ በፊት ላቦራቶሪ። አንድ የመለኪያ መሣሪያና ሁለት የሠለጠኑ ባለሙያዎች፣ ከፋብሪካው ሕንፃ በፊት ሥራ መጀመር አለባቸው። አንድ ነጋዴ ብቻውን ካልቻለ አምስትና ስድስት ሆኖ አክሲዮን ይግዛ። የየንግድ ምክር ቤቱ ወጣቶች ስብሰባ ጠርተው ከሚበተኑ ይህን ቢያደርጉ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ለገበሬው በኩንታል ሳይሆን በይዘት ይከፈል። ዝቅተኛ የመነሻ ዋጋ በውል ይጻፍ፤ ቅጠሉ ከተወሰነው በላይ ሲይዝ ጭማሪ ይታሰብ። ያን ጊዜ ገበሬው ራሱ አበባ ከመውጣቱ በፊት ያጭዳል፣ በጥላ ያደርቃል፣ ግንድና አፈር አይቀላቅልም። ቁጥጥር ከማብዛት ጥቅም ማጋራት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ደላላው ሥራውን ይለውጥ። በዚህ ገበያ ላይ «ሃያ ቶን አለኝ» የሚል ቃል ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው የመከሩ ቀን፣ የእርጥበቱ መጠን፣ የይዘቱ ምርመራ የተጻፈበትና ናሙናው የታሸገበት ወረቀት ነው። ያን ወረቀት ይዞ የሚመጣ ደላላ ኮሚሽኑ ቢበዛም ይገባዋል። ባዶ እጁን የሚመጣው ግን ገበሬውንም ገዢውንም አንድ ቀን ያጋጫል።

አራተኛ፣ ዕውቀቱን በጊዜ እናስመዝግብ። እንዶድን አንርሳ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስተዋሉ። ከፍሬው በአሟሚ ፈሳሽ የወጣው ውህድ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ፤ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ነገር ግን በ1990ዎቹ እንዶድ በሌላ የውኃ ተባይ ላይ ያለውን ጥቅም የፓተንት ባለቤት ሆኖ ያስመዘገበው የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ በ2006 የወጣው የጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ አለን። አዋጁ ግን በር ነው፤ በሩን የሚጠብቀው ሰነድ የያዘ ሰው ነው።

መንግሥትንም አንዲት ነገር እንጠይቀዋለን። በ2015 የወጣው የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ስትራቴጂ ብዙ ቃል ገብቶ ነበር፤ ክኒን ጠፍጣፊ ፋብሪካዎቻችን ግን ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ ማስመጣታቸውን አላቆሙም። ግብር ከማንሳትና መሬት ከመስጠት በላይ የሚጠቅመን ግዢ ነው። የወባ መድኃኒት ጨረታ ሲወጣ፣ ጥራቱን ላሟላ የአገር ውስጥ አምራች ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሚጸና የግዢ ውል ይሰጥ። ባንክ የሚያበድረው በስትራቴጂ ሰነድ አይደለም፤ በግዢ ውል ነው። ይህ ውል ከሌለ ወደ አርቴሚሲኒን የሚሄድ ነጋዴ በቻይና ዋጋ ላይ ቁማር የሚጫወት ሰው ነው፤ ቁማሩንም በራሱ ገንዘብ ይጫወት እንጂ በገበሬው ማሳ አይጫወት።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። በዚህ ወቅት ዘር ልታስመጡ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ሦስት ወረቀት ጠረጴዛችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ፤ የገዢው ውል፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ የፈሳሹ ሂሳብ። ሦስቱ ከተሟሉ መሬቱ አይጠፋም፤ ገበሬውም አይጠፋም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን የምትዘሩት መድኃኒት አይደለም፤ ዕዳ ነው።